«የትም ብትሄድ» በጉንፋን ድምፅ

በአንድ የውኃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ነበር። ሁሉም «ካሴት» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት የደመወዝ ወረቀቱና ስትቆጣ ሚስቱ ብቻ ናቸው።

ካሴት የተባለው በዘፈን ምክንያት ነው። ሠርግ ላይ፣ ልደት ላይ፣ የመሥሪያ ቤት ሽኝት ላይ ይዘፍናል፤ የሚዘፍነው ግን የሰው ዘፈን ነው። የራሴ የሚላት አንዲት ስንኝ የለችውም፤ እንድትኖረውም ተመኝቶ አያውቅም። የሰውን ዘፈን ሲዘፍን ግን ምን ልበላችሁ፣ ቁርጥ ዋናውን ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ የሳበበት ቦታ ትንፋሽ ይስባል፤ ጉሮሮውን የጠረገበት ቦታ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሴት ዘፈን ከሆነም ድምፁን አቅጥኖ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ ቁጭ እሷን ይሆናል። አንዴ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደተቀመጡ «ኧረ ያን ቴፕ ቀንሱት!» ብለው ጮኸዋል ይባላል። ይህን ታሪክ በየሄደበት የሚያወራው ራሱ ካሴት ነው።

ከሁሉም በላይ የታወቀው «የትም ብትሄድ» በሚባለው ዘፈን ነው። ዘፈኑን የማያውቀው የለም። ያገባ ሁሉ ጨፍሮበታል፤ ያላገባም በአክስቶቹ ተገፍቶ ገብቶ ጨፍሮበታል። ዘፋኟ በቀጭን ድምፅ፣ በሞቀ ምት፣ እየሳቀች ነው የምትለው፤

«ያረግክልኝን ሁሉ በልቤ ጽፌያለሁ፣
የትም ብትሄድ የትም፣ የኔ ፍቅር፣ አንተን አገኛለሁ፤
በልቤ የገባው በምንም አይወጣም፣
እንዳንተ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይመጣም።»

ዋናው እንዲህ ነው። የካሴት ግን አንድ ጉድለት አለበት። በወጣትነቱ ዘፈኑን ያጠናበትን ካሴት ማጫወቻው በልቶት ነበር፤ የተጨማደደውን ክር በመቀስ ቆርጦ በፕላስተር ቀጠለው። ከተቆረጠው ክር ጋር «የኔ ፍቅር» የሚሉት ሁለት ቃላት አብረው ሄዱ። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዝም ብሎ ይዘላታል። ሠርገኛው ዘፈኑን በቃሉ ስለሚያውቀው «የኔ ፍቅር!» ብሎ እየጮኸ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ካሴትም አውቆ ለሕዝቡ የተወላት ይመስል እጁን ዘርግቶ ይቀበላል።

«ሁለት ቃል ናት፤ ምናለ ብትጨምራት?» ትለዋለች ሚስቱ። ፀጉር ቤት አላት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዛ ስለምትውል፣ ውስጡ ያለውንም ያየችው ይመስላታል።

«የሰው ዘፈን የሰው አደራ ነው። አልጨምርም፤ አልቀንስም።»

«ቀንሰሃል እኮ!»

«እኔ አይደለሁም የቀነስኩት። ማጫወቻው ነው።»

አደራ ጠባቂነቱ በዘፈን ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ካሴት በኑሮውም ያው ነው፤ ያሉትን ይላል፣ ያላሉትን አይልም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲሾም ይህ ጠባዩ የበለጠ ታየ። ሰውየው በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራው ሥራ የመዝገብ ቤቱን ሰፊ መስኮት ማየት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱን ከነክፍሉ ወሰደው። የእንግዶቹ ሶፋ ገባበት፤ መዝገቡና ካሴት ተያይዘው ምድር ቤት ወረዱ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሥር። ቧንቧው ደግሞ ያፈሳል። የከተማውን ቧንቧ ሁሉ የሚጠግነው መሥሪያ ቤት የራሱን ቧንቧ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በባልዲ ሲያስታምም ኖረ። ፋይሎቹ እርጥበት እየጠጡ አበጡ፤ የካሴትም ደረት ክረምት ከበጋ ይከረክር ጀመር። እሱ ግን «አቤት» ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልወጣውም።

ሥራ አስኪያጁ በዚህ መች አበቃ። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ደብተር በገመድ አሰረና የገባም የወጣም ሰዓቱን ጽፎ እንዲፈርም አዘዘ። ጽዳት ሠራተኛዋ እናቷ ማረፋቸው ተነግሯት እየሮጠች ስትወጣ፣ ከበር አስመልሶ የፈቃድ ቅጽ አስሞልቷታል። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ ነበረ፤ በጣም ጠባብ ነው፣ «እናቴ» ብላ ጻፈችና ሞላ።

ካሴትን ግን በራሱ መንገድ ይወደው ነበር። እንግዳ ሲመጣበት «ካሴትን ላኩልኝ!» ይላል። ካሴት ከምድር ቤት አራት ፎቅ በደረጃ ወጥቶ፣ አቧራውን ከእጅጌው አራግፎ፣ በዚያ በድሮ ክፍሉ፣ ከአበባው ማሰሮ አጠገብ ቆሞ ይዘፍናል። ሥራ አስኪያጁ ሲበቃው ጣቱን ያነሳል፤ ካሴት ቃሉን እንኳ ሳይጨርስ ቀጥ ይላል።

«አያችሁልኝ?» ይላል ለእንግዶቹ። «አንድም ያልጨመረ፣ አንድም ያልቀነሰ! ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው።»

ካሴት እየተኩራራ ወደ ባልዲው ይወርዳል። ማታም ለሚስቱ ያወራላታል።

«ጣቱን ሲያነሳ ምን ተሰማህ?» ብላ ጠየቀችው አንድ ጊዜ።

«ምን ይሰማኛል? ሰውየው ጆሮ አለው።»

«ጆሮስ አንተም አለህ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

እንዲህ ሲኖሩ ሥራ አስኪያጁ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በዕድገት ተዛወረ። ወሬው በተሰማ ቀን በየቢሮው በሩ እየተዘጋ ሲዘለል ነበር፤ ግን በስብሰባ ላይ ሁሉም ፊቱን አጥቁሮ «ምን ይሻለናል?» ተባባለ። የሽኝት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጸሐፊዋ ሰብሳቢ ሆነች፤ እሷም ዘጠኝ ዓመት የሰውየውን ደብዳቤ ስትጽፍ «በአክብሮት» የሚለውን ቃል እንዳትጠቀም የታዘዘች ሴት ናት። ሥራ አስኪያጁ ሽኝቱን ለኮሚቴው የሚተው ዓይነት ሰው አይደለም፤ ፕሮግራሙን ራሱ አወጣ። ንግግሩን ራሱ መረጠ። ዘፈኑንም ራሱ መረጠ።

«‹የትም ብትሄድ› ይሁን» አለ። «እኔና ባለቤቴ የተጋባንበት ነው። ካሴት እንደ ዋናው አድርጎ ያቀርበዋል። ሹፌሩ ኪቦርድ ይጫወታል።»

ሽኝቱ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የምድር ቤቱ እርጥበት ሥራውን ጨረሰና ካሴትን ጉንፋን ጣለው። ድምፁ ወርዶ ወርዶ ከሆዱ ነው የሚወጣው። በሽኝቱ ቀን ጠዋት ሻዩን እየጠጣ ቀጭኑን ድምፅ ሊያወጣ ቢሞክር እንደ ዛገ በር አንቋረረ።

«ይቅርብኝ በል» አለችው ሚስቱ።

«ሰውየው ራሱ መርጦኝ?»

«በምን ድምፅ ልትዘፍን ነው?»

«ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ።»

ቀሚሷን እየቆለፈች፣ «ለእሱ ነው አይደል ይህን ዘፈን የምትዘፍንለት? ለዚያ ሰውዬ?» አለችው።

«አዎ።»

«ቃሉን ልብ ብለኸው ታውቃለህ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ዘፍኜዋለሁ!»

«መዝፈኑን መች ጠየቅኩህ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ከምሳ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከባለቤቱ ጋር መድረኩ ላይ፣ በአበባ ታጥሮ ተቀምጧል። ምክትሉ፣ ማለትም ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ የሚጮኸው ሰው፣ አርባ ደቂቃ አመሰገነው። ምስጋናው ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። የሹፌሩ ኪቦርድ አንድ ጊዜ አቃሰተችና ዝም አለች። ድምፅ ማጉያውም ሞተ። ሠራተኛው በልቡ «እሰይ፣ ተገላገልን» ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ ጣቱን አነሳ።

«ችግር የለም! ካሴት በባዶው ይዘፍናል። ለካሴት መብራት አያስፈልገውም።»

ካሴት ተነሳ። ምት የለ፣ ማጉያ የለ፣ ቀጭን ድምፅ የለ። በመስኮቶቹ ብርሃን ፊት ለፊት የሚታየው የሥራ አስኪያጁ ፊት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሱን እያየ ጀመረ። ድምፁ ከምድር ቤት እንደሚመጣ ሆኖ ወፍራም፣ ሻካራ ነው። ሳሉ እንዳያመልጠው ቃሉን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያደረገ ያስቀምጠዋል።

«ያረግክልኝን… ሁሉ…»

ሳሉ መጣበት። ዋጠው። ዓይኑን ከሰውየው አላነሳም።

«…በልቤ ጽፌያለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ሲጥ ሲጥ ይል የነበረው ወንበር ሁሉ ጸጥ አለ። ሠርግ ላይ ሲዘለልበት የኖረው ቃል ዛሬ ልብስ ለውጦ የመጣ እንግዳ ሆነባቸው። ጽዳት ሠራተኛዋ ራሷን ቀና አደረገች።

«የትም ብትሄድ… የትም…»

እዚህ ላይ ነው ያቺ የተቆረጠች ቦታ። ሠርግ ቢሆን ሦስት መቶ ሰው «የኔ ፍቅር!» ብሎ ይጮህ ነበር። ዛሬ ማንም አልጮኸም። ማን ይጩህ? ክፍተቱ ተከፍቶ ቀረ፤ ካሴትም ያለ ምት ስለሚዘፍን ስንት ሰከንድ እንደሆነ ጠፍቶት፣ ዝም ብሎ ሰውየውን እያየ ቆመ። ከዚያ ከሆዱ፣ በዚያ በዛገ ድምፅ፤

«…አንተን አገኛለሁ።»

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጠው የበሩ ጥበቃ ነው፤ ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። ጸሐፊዋ የፕሮግራሙን ወረቀት ፊቷ ላይ ለጠፈችው፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ ኪቦርዱ ሥር የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስል አጎነበሰና እዚያው ቀረ። «እንዳንተ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይመጣም» የሚለው ጋ ሲደርስ ደግሞ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «አሜን!» አለች፤ ጮክ ብላ፣ ከልቧ። ከኋላ ወንበር ብዙ ሰው ተቀበላት። «አሜን!»

ሥራ አስኪያጁስ? ሥራ አስኪያጁ መሀረብ አውጥቶ እያለቀሰ ነበር። ባለቤቱ እጁን ያዘችው።

«እንዲህ ትወዱኝ ነበር እንዴ?» አለ በተሰበረ ድምፅ። «ካሴት… ድገምልኝ።»

እዚህ ላይ የካሴት ነገር ይለያል። የመጀመሪያውን የዘፈነው ጉንፋኑ ነው። መብራቱ ነው። እሱ ራሱ የሰው ሳቅ ሲሰማ «አበላሸሁት» ብሎ ሊያቆም ምንም አልቀረውም። ግን «አሜን» የሚለው ድምፅ ሲመጣ፣ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮው ገባ። ባልዲው ታየው። የአራት ፎቅ ደረጃ ታየው። ያቺ የምትነሳ ጣት ታየችው። ይህን ሁሉ ጽፎ የያዘው የት ነበር? ለካ ልቡ መዝገብ ቤት ነበር፤ እርጥበትም አልነካውም።

ደገመው። በዚህ ጊዜ ቀስ ያለው ለሳሉ ብሎ አይደለም። ክፍተቷ ጋ ሲደርስ አንድ እርምጃ ወደ መድረኩ ተራመደና የቅድሙን ሁለት እጥፍ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ እንባውን እየጠረገ ራሱን ነቀነቀለት። ሦስተኛም አስደገመው። በሦስተኛው አዳራሹ በሙሉ ቆሞ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ «አይመጣም» የሚለውን ከካሴት ጋር አብሮ ዘፈነ። ከዘጠኝ ዓመት ስብሰባ ውስጥ ሠራተኛው በአንድ ድምፅ የተስማማባት ያቺ ቀን ብቻ ናት።

ጸሐፊዋ ሁሉንም በስልኳ ቀርጻ ነበር። በሳምንቱ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ዞረ። አለቃ የተቀየረበት ቦታ ሁሉ «የትም ብትሄድ» በወፍራም ድምፅ ይባል ጀመር። አለቆችም በየሽኝታቸው ያለቅሳሉ አሉ። የሹመት ወንበር ጆሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንጃ።

ዝናው ካሴትን መታው። «እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፤ ተርጓሚ ነኝ» ማለት ጀመረ። ትናንት አንድ ቃል አልጨምርም ያለው ሰው ዛሬ የሰውን ዘፈን ሁሉ እየጎተተ፣ እያንጠለጠለ፣ መሀል ላይ እየቆመ ሰው በዓይኑ ይወጋል። ለጎረቤት ሕፃን ልደት የመልካም ልደት ዘፈን ቢያቀርብ፣ ሻማው ሊያልቅ ሆነ፣ ሕፃኑም «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሚስቱ ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሊያንጎራጉር ቢጀምር ካስኩ ሥር የተቀመጠችው ደንበኛ ፀጉሯ ሳይደርቅ ተነሳች።

«ስማ» አለችው ሚስቱ፣ «አንድ ዘፈን በጉንፋን አማረልህ። ሁሉንም ጉንፋን አታስይዝ።»

«ጥበብ አይገባሽም።»

«ድሮ ቴፑን ስትሆን ቢያንስ አጥፍቼህ እተኛ ነበር።»

የዝናው ዋጋ የታየው የሚስቱ የእህት ልጅ ስታገባ ነው። ሙሽሪት «አጎቴ፣ ያቺን ዘፈን እንደ ድሮው፣ በደስታ» ብላ ለመነችው። እሱም ለእሷ ሲል ተርጓሚነቱን ተወ፤ ድምፁን አቀጠነ፣ ሹፌሩ በኪቦርድ ምቱን አሞቀ፣ ቁርጥ ዋናው። ግን ምን ይሆናል፣ «የትም ብትሄድ የትም» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ «የኔ ፍቅር!» የሚል ጠፋ። ሦስት መቶ ሰው ጸጥ ብሎ ሙሽራውን አየው። ሙሽራው ወደ በሩ አየ። «አንተን አገኛለሁ!» ሲባል ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፤ የሙሽራው እናት ብቻ ተነስተው «ልጄ ምን አድርጓችሁ ነው?» ብለው አፋጠጡ። ሙሽሪት ቬሏን ፊቷ ላይ ጣለችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሽሮችን ያስጨፈረውን ዘፈን ካሴት በአንድ ከሰዓት ገድሎታል፤ ሬሳው በየሠርጉ ሲዞር ያወቀው ገና ያን ቀን ነው።

ሙሽሪት ለሦስት ወር አላናገረችውም። ካሴት ከዚያ በኋላ ሠርግ ላይ አልዘፈነም፤ የሚጠራውም አልነበረም።

በዚህ መሀል አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣች። በሁለተኛው ቀን ወደ ምድር ቤት ራሷ ወረደች። ካሴት ባልዲውን ሊገለብጥ ይዞት ቆሞ ነበር፤ እንደያዘው ቀረ።

«ካሴት የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ጌታ… እመቤቴ።»

«የድሮ አለቃዎ እዚያ ያንን ቅጂ በየሳምንቱ ሰኞ በስብሰባ ላይ ያሰማናል። ‹እዩ፣ ሠራተኞቼ እንዴት እንደሚወዱኝ› ይላል።»

ካሴት ባልዲውን አስቀመጠ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

«ምን እንላለን? ዝም ብለን እንሰማለን። እኔ ግን በአምስተኛው ሰኞ ‹ይህ ሰው የተቀመጠው የት ነው?› ብዬ ጠየቅኩ። ምድር ቤት ነው አሉኝ።» ቀና ብላ ቧንቧውን አየች፤ ጠብታ ትከሻዋ ላይ አረፈ። «ይህ ዛሬውኑ ይጠገን። እርስዎም ከነመዝገብዎ ወደ ላይ ይውጡ።»

ካሴት ምስጋና ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የራሱ ቃል አልመጣለትም። ልማድ ሆኖበት አንዲት የምስጋና ዘፈን ጀመረላት።

«ኧረ እባክዎን!» አለች ሁለት እጇን አንስታ። «እኔ ምንም አላደረግኩም! ወደ ላይ ይውጡ ብቻ።»

ሶፋው ወጣ፤ መዝገቡ ገባ። ያበጡት ፋይሎች መስኮቱ ሥር ፀሐይ ሲያገኙ መድረቅ ጀመሩ፣ የካሴትም ደረት ተሻለው፣ ቀጭኑ ድምፅም ተመለሰ። ከሙሽሪት ጋር ታረቀ፤ ያስታረቀቻቸው ሚስቱ ናት፣ በነፃ ፀጉር ሠርታላት።

ችግሩ አሁን ሌላ ነው። ካሴት ደስ ሲለው ያንጎራጉራል፤ ከድሮም እንዲሁ ነው። ፋይል ሲያነሳ ያንጎራጉራል፣ ኮሪደር ላይ ሲሄድ ያንጎራጉራል። የሚያንጎራጉረው የድሮ የፍቅር ዘፈን ነው፣ አንዳች ክፋት የሌለበት። ግን የሚያምነው አጣ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቃሉን ያዳምጣል፤ ጸሐፊዋ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው?» ብላ ከበሩ ብቅ ትላለች። ከሁሉም የባሰው ምክትሉ ነው። ካሴት «ዓይንሽ ከዓይኔ አይጠፋም» እያለ ከላይ ሲወርድ ከሰማ፣ ይዞት የነበረውን ጩኸት እዚያው ዋጥ አድርጎ፣ ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በኋላ በኩል ባለው ደረጃ ነው የሚሄደው።